ሦስት ወር ያላወቁ 2100ን በምን አወቁ?

የቆቦዋ_ዲኤ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኔ ራያ ቆቦ፣ ሜዳው ላይ የልማት ሠራተኛ ነኝ። ሰው የሚጠራን "ዲኤ" ብሎ ነው። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ በልጉ ሊገባ ሲል እንደ ወትሮው የወቅቱ ትንበያ ወደ ወረዳ ወረደ። ተሰበሰብን፣ ማስታወሻ ያዝን፣ ሻይ ጠጣን፣ ወደየቀበሌያችን ተበተንን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ አጠገብ ያለችው ሾላ ሥር ሰዉን ሰበሰብኩና "ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው፣ ሳትዘናጉ ዝሩ" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ከሰሙኝ አንዱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። አባባ ልበላቸው። ደጋሌት ዘሩ። ለማታውቁት፣ ደጋሌት የእኛ አገር የጥንት ማሽላ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ እንጀራው የሚወደድ፣ አገዳው ከከብት ተርፎ ለቤት የሚሆን። ክፋቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። በልግ ያበቅለዋል፣ ክረምት ያሳድገዋል። በልጉ ካለፈው ደጋሌትን መዝራት ዘሩን መጣል ነው።

መጀመሪያ ዘነበ። ቡቃያው አምሮ ወጣ። ከዚያ ሰማዩ ጥርት አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ሲጀምር ማሳቸው ሄድኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የማሽላው ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። ማሽላ ሲጠማው እንዲህ ያደርጋል፣ ያለችውን ውሃ ላለማባከን ራሱን ይጠቀልላል። ቀትር ላይ ተጠቅልሎ ማታ ከተፈታ ተስፋ አለው። በጠዋት ተጠቅልሎ ካገኘሽው ግን ሌሊቱም አልረዳውም ማለት ነው። አባባ አንዱን ነቀሉና ሥሩን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። ዱቄት ሆነ። የመሬቱ ስንጥቅ ጣቴን ያስገባል።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ አምና ስታሠለጥኚን በፈረንጅ 2100 ዓለም ምን እንደሚሆን ነግረሽን ነበር። ሦስት ወር ያላወቁ ሰዎች 2100ን በምን አወቁት?"

ያን ጊዜ የሰቀልኩት ፖስተር ላይ በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ ነበር። "ይሄ ምን የሚሉት አውሬ ነው? ማሽላ ይበላል?" ብለው ሰዉን ሁሉ አስቀውት ነበር። አሁን ማንም አልሳቀም።

ደነገጥኩና "የአላህ ሥራ ነው አባባ" አልኩ።

"እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ። ደሞዝ የሚከፈልሽ ይሄን ልትነግሪኝ ነው?"

ይባስ ብሎ የወንድማቸው ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። "ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም፣ ሁሉም ግምት ነው" የሚል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ታች ላይ በአማርኛ ተጽፎበታል። እኔም ቤቴ ገብቼ ማታ ስገላበጥ አደርኩ። እውነት ግን፣ ሰዎቹ እርግጠኛ ናቸው ወይስ አይደሉም? ካልሆኑ ለምን እንደዚያ አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ? ከሆኑ ደግሞ የእኛን በልግ እንዴት ሳቱት?

ለአባባ የምመልሰው ነገር ስጡኝ። የፖስተር መልስ አልፈልግም፣ እሱ ቤቴ ሞልቷል።

ሙሐባ_ወሎ፦

ድቡን ሽጠው ማሽላ ይግዙበት 😂 አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄው የሁላችንም ነው። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

የሸዋበር_ልጅ፦

አባባ ጨርሰውታል። ምን ይጨመርበታል?

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። አያቴ ስታወራ ድርቅ የሌለበት ዘመን የላትም። የ66ቱ አለ፣ የ77ቱ አለ። ከዚያ በፊት በምኒልክ ጊዜ ክፉ ቀን አለ። ያኔ ወሎ ውስጥ ስንት መኪና ነበር? ነዳጁን ማን አቃጠለው? አየር ድሮም ይለዋወጣል፣ አሁንም ይለዋወጣል።

ደግሞ ሪፖርታቸውን አንብቡት። "ሊሆን ይችላል"፣ "ከፍተኛ ዕድል አለው"፣ "መካከለኛ መተማመን አለን"። አንድ ደረቅ ያለ ዐረፍተ ነገር የለም። ዳኛ ፊት ቆሞ እንዲህ የሚመሰክር ሰው ቃሉ ይያዝለታል?

የምናደድበትን ልንገራችሁ። ሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተሠራ። በሁለተኛው ክረምት ፈረሰ። የሠሩት ሰዎች ተጠየቁ። መልሳቸው ምን መሰላችሁ? የአየር ንብረት ለውጥ! እኔ ሄጄ የተሰበረውን በእጄ ፈረፈርኩት። እንደ ቆሎ ይረግፋል፣ አሸዋ ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ስሰማ ኪሴን ነው የምዳብሰው።

ዝናብ_ለኪው፦

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ተሁለደሬ፣ ከሐይቅ ብዙ የማይርቅ ቦታ። ሃያ ሰባት ዓመት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዝናብ ለክቻለሁ። ስለዚህ ስለ 2100 ሳይሆን ስለ ደብተሬ ላውራሽ።

መለኪያው ጉድ የሚባል ዕቃ አይደለም። ቆርቆሮ ነው። አፉ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ይጠባል፣ ውሃውን ወደ ውስጠኛው ዕቃ ያወርዳል። ሁልጊዜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትከፍቺና መስመር ባለው ብርጭቆ ትቀጂዋለሽ። ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከውሃው ጋር ታስተካክያለሽ። ቆመሽ ካነበብሽ ትሳሳቻለሽ። አንድ ሚሊ ማለት ሜትር በሜትር በሆነ መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ትጽፊያለሽ፣ ትደፊያለሽ፣ ክፍል ትገቢያለሽ። በቃ። እሑድ የለም፣ ዒድ የለም፣ ፋሲካ የለም።

አንድ ሰሞን፣ ስድስት ሰባት ዓመት እንደለካሁ፣ ዝናቡ እየቀነሰ መጣብኝ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። ለመምህራኑ "አገሩ ሊደርቅ ነው" ብዬ አወራሁ፣ ሰዉም ይሄንኑ ይል ስለነበር ደስ እያለው ሰማኝ። በኋላ ተቆጣጣሪ ከኮምቦልቻ መጣ። ዕቃውን አየ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ሳቀ። "ጋሼ፣ ዝናቡ አይደለም የቀነሰው፣ ባሕር ዛፍዎ ነው ያደገው።" እውነቱን ነው። ቅርንጫፉ መለኪያው ላይ ተዘርግቶ ዝናቡን ይጋርድብኛል። አፈርኩ። መለኪያውን ወደ ሜዳው አዛወርነውና ደብተሩ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩ፦ "ከዚህ በፊት ያለው በጥርጣሬ ይታይ።" የሳይንቲስት ጥርጣሬ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አለማወቅ አይደለም። የቱ ጋ እና ምን ያህል ልትሳሳቺ እንደምትችዪ ማወቅ ነው።

ሌላ ገጽ ልንገርሽ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ባዶ ናቸው። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን የያዘበት ጊዜ ነው። ዝናብ ስላልነበረ አይደለም ባዶ የሆነው። እኔ ስላልነበርኩ ነው። ስመለስ አንድ ወጣት ባልደረባዬ "ዜሮ ዜሮ እያልክ ሙላው፣ ወቅቱ በጋ ነው" አለኝ። እንቢ አልኩ። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ነው አገር የሚያሳስተው።

የሸዋበሩ ልጅ ስለ ምስክር ያልከውን ወድጄዋለሁ፣ ግን ተገልብጦብሃል። እኔ ሽምግልና ብዙ ተቀምጫለሁ። "ከኋላው አየሁት፣ ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል፣ ፊቱን ግን አላየሁም" የሚለውን ሰው ነው የማምነው። ሌሊት በጨለማ ሁሉንም አየሁ የሚለውን አይደለም።

ስለ 66 ደግሞ አታስታውሰኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው በእግሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ አይቻለሁ። ዝናብ ቀርቷል፣ እውነት ነው። ሰውን የጨረሰው ግን መንግሥት ረሃቡን መደበቁም ጭምር ነው። በክፉ ቀን ደግሞ በመጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነው፣ የከብት በሽታ ገብቶ። በሬ የሌለው በምን ይረስ? ስለዚህ ድርቅና ረሃብን አንድ አታድርጋቸው። አየሩ ድሮ በራሱ መለዋወጡም ዛሬ ሰው እየለወጠው አይደለም አያሰኝም። ጫካ በመብረቅ ተቃጥሎ ያውቃል፣ ክብሪት የጫረ ሰው ግን በዚህ ነፃ አይወጣም።

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ። ባቲን ታውቂያለሽ? ሰኞ ሰኞ ነው ገበያው። የሚመጣው ሰኞ ማን ስንት ግመል ነድቶ እንደሚመጣ ብትጠይቂኝ አላውቅም። የዛሬ ዓመት ሰኞ ባቲ በሰው እንደሚሞላ ግን እወራረዳለሁ። ከአፋር የሚያመጣው መንገድ ቢዘጋ ደግሞ ገበያው እንደሚቀዘቅዝ ማንን ልጠይቅ? የአንድ በልግ ትንበያ የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ነው። ምድር ትሞቃለች የሚለው የሦስተኛው ዓይነት ነው። ሩቅ ስለሆነ አይከብድም፣ ቅርብ ስለሆነም አይቀልም። ጥያቄው ሌላ ነው።

የእኔ ደብተር ምን ይላል ካልሽኝ፣ የክረምቱ ድምር ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ ያን ያህል አልተለወጠም። የበልጉ ገጽ ነው ያስቸገረኝ። አንዱ ዓመት ሞልቶ ይፈሳል፣ አንዱ ዓመት ነጭ ነው። በአንድ ቆርቆሮ ግን "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ብዬ አልፈርምም። አንዴ ባሕር ዛፍ ሠርቶልኛል።

ሜትሮ_ወረባቦ፦

ጋሼ፣ እጅዎን ስመዋለሁ። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምናየው ሁሉ ከእንደ እርስዎ ያለ ደብተር የመጣ ነው።

እኔ አርባ ምንጭ ሚቲዎሮሎጂ ተምሬ በሙያው እየሠራሁ ነው። ትውልዴ ወረባቦ። እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማስታወሻ ደብተርሽን ክፈቺው። "ጥሩ በልግ" ከሚለው ጎን ቁጥር አልነበረም?

የወቅት ትንበያ "ይዘንባል" ወይ "አይዘንብም" አይልም። ያለፉትን ዓመታት ዝናብ ሦስት ቦታ ይከፍላል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም የማያውቅ ሰው ለሦስቱም እኩል 33 በመቶ ይሰጣል። እኛ የባሕሩን ሙቀት፣ ሰላማዊ ውቅያኖስንና ሕንድ ውቅያኖስን አይተን ሚዛኑን ወደ አንዱ ትንሽ ጋደል እናደርገዋለን። የቀጣናው ባለሙያዎች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወቅቱ እየተሰበሰቡ የሚያወጡት ካርታም እንዲህ ባለ ቁጥር የተሞላ ነው። ቁጥሩ 40 ከሆነ "ከአሥር ዓመት አራቱን እንዲህ ይሆናል፣ ስድስቱን አይሆንም" ማለት ነው። ደግሞም ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር ነው። ድምሩ ሞልቶ መሐል ላይ ሦስት ሳምንት ሊቋረጥ ይችላል። ማሽላ በድምር አይበቅልም። ይሄ የእኛ ድክመት ነው፣ አልክድም።

አሁን የሸዋበሩ ወንድሜ። "ሊሆን ይችላል" ያልከው ቃል እነሱ ዘንድ ዋጋው ተቆርጦለታል። አይፒሲሲ የሚባለው ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥናቶችን እየመዘነ ሪፖርት የሚያወጣው የመንግሥታት ጉባኤ ነው። "ሊሆን ይችላል" ሲል ከ66 በመቶ በላይ፣ "በጣም ሊሆን ይችላል" ሲል ከ90 በላይ ማለቱ ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን ተመልከት። በ1995 "የሰው እጅ የሚታይ ይመስላል" አሉ። ያኔ ይሄም ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። በ2001 ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ሙቀት ዋናው ምክንያት ሰው ነው የሚለውን 66 ላይ አስቀመጡት። በ2007 ወደ 90 ከፍ አለ። በ2013 ወደ 95። በ2021 "አያጠራጥርም" ብለው ጻፉ። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። አፋቸውን ሞልተው አልጀመሩም።

ከየት አመጡት? አንዱን ብቻ ልንገርህ፣ ሁልጊዜ ስለሚገርመኝ። የምታሞቀን ፀሐይ ብትሆን ኖሮ አየሩ ከታችም ከላይም አብሮ መሞቅ ነበረበት። የሆነው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ እየቀዘቀዘ ነው። ብርድ ልብስ ስትደርብ ሙቀቱ ገላህ ላይ ይቀራል፣ ከላይ ያለው አየር ይበርደዋል፣ ልክ እንደዚያ። ደግሞ አየር ላይ የተጨመረው ካርቦን ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከሰልና ነዳጅ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ ስለኖረ ካርቦን 14 የሚባለው ምልክት አልቆበታል። አየሩ ውስጥ ያ ምልክት የሌለው ካርቦን እየበዛ መሄዱ ተለክቷል። ሃዋይ ተራራ ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. መለካት ሲጀመር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 315 ነበር፣ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ጋሼ ያሉት ሰውዬ ነው፤ ፊቱን ባናይም ያነክሳል።

ጥርጣሬ የለም ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ስንት ዲግሪ ትሞቃለች ለሚለው በ1979 የተሰጠው መልስ "ከ1.5 እስከ 4.5" ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ተለፍቶ የጠበበው "ከ2.5 እስከ 4፣ ምናልባት 3" እስኪሆን ነው። ዋናው አስቸጋሪ ደመና ነው፣ አንዳንዱ ያቀዘቅዛል አንዳንዱ ያሞቃል። ግን ቁጥሩን ልብ በል። ዜሮ ውስጡ የለም። "እርግጠኛ አይደሉም" የሚልህ ሰው ሁልጊዜ ወደ 2.5 ነው የሚስብህ። ለምን ወደ 4 አይስብህም? ጥርጣሬ እኮ ሁለት በር አለው።

የሚጨንቀኝን ደግሞ ልናገር። የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች ብዙዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት ዝናቧ ይጨምራል ይላሉ። የተለካው ግን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ቦታ ሲቀንስ ነው የታየው። በባለሙያዎቹ ዘንድ የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ይባላል። ውቅያኖሱ በራሱ ያመጣው መዋዠቅ ነው? ሞዴሎቹ የሆነ ነገር ስተዋል? አሁንም ይከራከሩበታል። እና እህቴ፣ "የቆቦ በልግ በ2100 እንዲህ ይሆናል" የሚልሽ ሰው ካለ ፖስተሩን መልሰሽ ስጪው። ቆቦ ከዛሬ ይልቅ እንደምትሞቅ ግን ንገሪያቸው። ሙቀት ሲጨምር ያው ዝናብ እንኳ ቢዘንብ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ይሄን አባባ ራሳቸው በጣታቸው ፈትገው አሳይተውሻል።

የሸዋበር_ልጅ፦

ጋሼ፣ የምስክሩን ነገር ተቀብያለሁ፣ ወላሂ። ሚቲዎሮሎጂስቷንም አመሰግናለሁ፣ የላይኛው አየር ይቀዘቅዛል የሚለውን አልሰማሁም ነበር። የቦዩን ነገር ግን አልተውም።

ሜትሮ_ወረባቦ፦

አትተወው! እኔም አልተውም። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው እንፋሎት ወደ 7 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ዶፉ ሊብስ ይችላል። ይሄን አስቀድሞ አስቦ ቦዩን ማስፋት የሚሠራው ሰው ግዴታ ነበር። አሸዋው ግን አሸዋ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ሲሚንቶ አይሰርቅም።

ሙሐባ_ወሎ፦

"የአየር ንብረት ለውጥ ሲሚንቶ አይሰርቅም" ይሄ ቲሸርት ላይ ይጻፍልኝ።

የቆቦዋ_ዲኤ፦

አምስት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ደብተሬን ከፈትኩት። አለ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ጥግ ላይ፣ በእርሳስ፦ "40 – 35 – 25"። ስጽፈው ትዝ ይለኛል። አሠልጣኙ እንዳለው ጽፌ፣ ሾላዋ ሥር ስደርስ "ቁጥር ሰውን ያደናግራል" ብዬ ተውኩት። አስቡት፣ ያ ቁጥር አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ወልድያን አቋርጦ ቆቦ ድረስ በደኅና መጥቶ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። "ከአራት አንዱ ይደርቅባችኋል" የሚለውን ቆርጬ "ጥሩ ነው" አልኩ። ዋሾ የተባሉት ግን እነሱ።

አባባ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። ሃያ የቡና ፍሬ ከረከቦቱ ላይ ደረደርኩ። ስምንቱን ወደ ቀኝ፣ ሰባቱን መሐል፣ አምስቱን ወደ ግራ። "ትንበያው ይሄ ነበር። እኔ የነገርኳችሁ ይሄን ብቻ ነው" ብዬ ስምንቱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አምስቱን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሯቸው።

"እኒህን ብታሳዪኝ ኖሮ ግማሹን ደጋሌት እዘራና ግማሹን አቆየው ነበር፣ ለጎቢዬ።" ጎቢዬ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ነው፣ አቀንጭራ የሚባለውን አረምም ይቋቋማል፣ ዘግይቶም ይዘራል። "አንቺ ልጅ፣ እኔ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ከምናልባት ጋር ነው የኖርኩት። ምናልባትን የምፈራ መሰለሽ?"

ይቅርታ ጠየቅኩ። ሦስተኛውን ቡና ጠጥተው መረቁኝና፣ ደጋሌቱን ገልብጠው ጤፍ ሊዘሩበት እንደሆነ ነገሩኝ። የባቲውንም ነገርኳቸው። ባቲን በወጣትነታቸው ግመል ሊገዙ ሄደው ያውቁታል፣ ሳቁ። "ይሄ የሐይቁ ሰውዬ እውነት ነው፣ እኔ የሄድኩ ሰኞ ግመል አልነበረም፣ ሰው ግን ይጋፋ ነበር።" ስለ 2100 ሌላ አልጠየቁኝም። ይልቅ የጠየቁት ሌላ ነው፤ "ያ ሰውዬ ያለው ቆርቆሮ ስንት ነው የሚሸጠው?"

ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩኝ።

ዝናብ_ለኪው፦

አይሸጥም፣ ይሠራል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ጣሳ ፈልጊ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ይሆናል። አፉ ከታቹ ከጠበበ ወይም ከሰፋ አይሆንም። ብቻውን በቆመ እንጨት ላይ፣ ወገብ ከፍታ ላይ፣ እንዳይጋደል አድርገሽ እሰሪው። ከቤትና ከዛፍ፣ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል አርቂው። ዛፉን አደራ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ማስመሪያ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ የረጠበው ስንት ሚሊ እንደሆነ ጻፊ፣ ድፊው። እንደ መንግሥት ዕቃ ልክ አይሆንም፣ ግን አይዋሽም። ያልለካችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት።

የቆቦዋ_ዲኤ፦

ሐምሌ ገባ። ለዚህ ቤት ያለብኝን ልክፈል።

ዛሬ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት አባባ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። "ሦስት ሰዓት እስኪሆን አልችልም፣ ነይና አንብቢው" አሉ። "አባባ፣ ሦስት ሰዓት ነው የተባለው" አልኳቸው። ተናደዱ። እስከ ሦስት ሰዓት ጣሳው አጠገብ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ፣ ፍየል እንዳይደፋው ነው አሉ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። 7 ሚሊ። ልጃቸው የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈው።

ወንዙን ተሻግሮ ያለው ወንድማቸውም ቀንቶ ጣሳ ሰቅሏል። እሱ ጋ 2 ሆነ። አሁን ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ነው። አባባ "የእሱ ጣሳ ቀዳዳ አለው" ይላሉ፣ ወንድማቸው "የእሳቸው ላይ ውሃ ጨምረውበታል" ይላል። የትኛው ነው ልክ ጋሼ?

ዝናብ_ለኪው፦

ዳመናው በየት በኩል እንዳለፈ ጠይቂያቸው። ጣሳውንም ውሃ ሞልተሽ ፈትሺው። ካላፈሰሰ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱንም ጻፉት።